የተሸጠ ዕቃ አይለወጥም

ግራ ክንዱ ቀድሞ ካልታጠፈ የፊት ጎማው አይወጣም። ጭንቅላቱ ደረቱ ውስጥ የሚገባው ሁለቱም ጉልበቶች ወደ ኋላ ከታጠፉ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በኃይል የሚጫን ሰው አንገቱን ይሰብረዋል። መሪው ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ሞተር ሳይክል ሆኖ ሲቆም ታምራለች፤ ሁለት ሳምንት ግን አትቆይም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ሮቦት ሆኖ ሲቆም ደግሞ ቀኝ እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ ይህ የሠሪው ስህተት ነው፣ የገዢው አይደለም።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ለአንዲት ባልደረባዬ ልጅ ልደት ተጠርቼ በሄድኩበት ቤት ነው። ልጁ ስጦታውን ሲከፍት አዲስ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ጎማና የጫማ ማስቲሽ የተደባለቀበት የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። አባትየው መመሪያውን ዘርግቶ ሲታገል አየሁና ሳላስበው ከእጁ ወሰድኩት። ሮቦቱ ሞተር ሳይክል ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን የዕቃውን ጉድለት አንድ በአንድ ቆጥሬ ጨረስኩ።

«ይሄን ደግሞ የት ተማርሽው?» አለችኝ ባልደረባዬ።

«እዚሁ» አልኳት፤ «ሁለት ሕንፃ ወዲያ።»

የተማርኩበት ክረምት ባቡር ሊገባ ነው ተብሎ አስፋልቱ የተገለበጠበት ክረምት ነበር። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ የሚመጣ ሰው በጣውላ ላይ እየተንገዳገደ፣ ጫማውን እየረገመ ነበር የሚደርሰው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ያጉረመርማል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ማንም ሳይነካቸው ይንጫጫሉ። እኔም እንደ እነሱ ነበርኩ። ተቀመጪ ስባል እቆማለሁ፤ ቁሚ ስባል በሩ ላይ እገኛለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰኔ ላይ አባቴ ከስልጤ አገር ይዞኝ መጥቶ ለእህቱ፣ ለአክስቴ ረውዳ ሲያስረክበኝ «አደራ፣ ትምህርት ቤት አስገቢያት፤ እስከዚያ በሱቁ ታግዝሽ» አላት። አክስቴም «ኢንሻአላህ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል የምሰማው እንደ «እሺ» ነበር። በአክስቴ አፍ ግን «እናያለን» ማለትም ሊሆን እንደሚችል ቀስ በቀስ ገባኝ።

ሱቁ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ፊቱን ወደ ፍርድ ቤቱ መንገድ ያዞረ ነበር። የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የውሃ ኮዳ፣ ብርጭቆ፣ የፀጉር ጌጥ፣ የልጆች መጫወቻ ይሸጣል። ጠዋት ጠዋት ሰዎች ፋይል በብብታቸው ሸጉጠው በፊታችን ይጎርፋሉ። ተማሪዎች ይመስሉኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ «ፈተና ወድቀው ነው» እላለሁ። ጢሙ የሸበተ ሰው ሲያለቅስ ሳይ ደግሞ ልቤ ይረጋጋል። እሱ በዚህ ዕድሜው ከገባ እኔ አሥራ አንዱ ዓመቴ አይቆጠርብኝም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አክስቴ ከመርካቶ አንድ ትልቅ ካርቶን በተሸካሚ አስመጣች። ሠላሳ ስድስት ሮቦት ነበረበት፤ ሁሉም ቀይና ጥቁር፣ ሁሉም ተጣጥፎ ሞተር ሳይክል የሚሆን። ሻጩ እንደ ቀልድ ሲያጣጥፈው አይታ ነው የገዛችው። ሱቅ ስትደርስ ግን ጣቶቿ እምቢ አሉ። አክስቴ ጆንያ የለመዱ ወፋፍራም ጣቶች ነበሯት።

«በይ ሐዩ፣ አንቺ ሞክሪው» አለችኝ። «የአንቺ ጣት እንደ መርፌ ነው።»

መመሪያው እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈ አንድ ረጅም ወረቀት ነበር፤ አሥራ አራት ሥዕል በአንድ መስመር ተደርድሮበታል። አገር ቤት እያለሁ ወንድሞቼ የሚማሩበት የቁርአን ቤት በር ላይ ቆሜ አይ ስለነበር፣ የማውቀው ንባብ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀኝ ጀመርኩ። በእኔ ንባብ ነገሩ መጀመሪያ ሞተር ሳይክል ነበር፤ ቀስ እያለ ተፈታ፣ እግር አወጣ፣ በመጨረሻ ቆሞ ሰው መሰለ። እጄ ላይ ያለው ግን ቀድሞውኑ ቆሟል። ሦስት ቀን ሙሉ የቆመውን ለማቆም ታገልኩ። የመጀመሪያውን ሮቦት አንገት የሰበርኩት ያኔ ነው።

አክስቴ አልተቆጣችኝም። የተሰበረውን ባንኮኒው ሥር ወረወረችና «ሠላሳ አምስት» አለች። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከግራ ጀመርኩ። ግራ ክንድ፣ ቋ። ጉልበት፣ ቋ። ጎማው ከጀርባው ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ብቅ አለ። አክስቴ አጨበጨበች፤ መንገደኛም ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ታወቀ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ሮቦት! የሚለወጥ! ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል!» ትላለች፤ እኔ እለውጣለሁ። ሰው ካላየ አይገዛም፤ እኔ ከሌለሁ ደግሞ የሚያየው የለም። እጆቼ ሥራ ባገኙ ቁጥር እግሮቼ ይበልጥ ይቁነጠነጡ ነበር፤ የሕንፃው ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ሲለኩ በረንዳ ላይ እያየሁ።

«አክስቴ፣ ምዝገባው መቼ ነው?»

«ደረሰ።»

«ታዲያ መቼ ትወስጂኛለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ሥር አትጩሂ! ይቺ ካርቶን ባዶ ትሁን። ባዶ የሆነች ቀን እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ፤ ወላሂ።»

ኢንሻአላህ አላለችም፤ ወላሂ አለች። ያንን ልብ አልኩ።

በረንዳችን ላይ ጋሽ ተካ የሚባሉ ራፖር ጸሐፊ ይቀመጡ ነበር፤ ለፍርድ ቤት ባለጉዳዮች ማመልከቻ በእጃቸው የሚጽፉ ሽማግሌ። ጉልበታቸው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተደረደረ ጽሑፍ። አክስቴም እንደ እኔ አታነብም፤ እሳቸው ግን ለበረንዳው ውለታ ብለው የካርቶን ክዳን ላይ ማስታወቂያ ጽፈው ከባንኮኒው በላይ ሰቀሉላት።

«ጋሽ ተካ፣ ምን ይላል?» አልኳቸው።

በእስክሪብቷቸው ጫፍ ቃሉን እየተከተሉ አነበቡልኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይለወጥም።»

ደነገጥኩ። ቀኑን ሙሉ ይለወጣል፣ ይለወጣል እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አይለወጥም! ደግሞ ተጽፏል። ማንበብ የማይችል ሰው በጽሑፍ ላይ ያለው እምነት ወሰን የለውም፤ እኔ የተጻፈ ነገር ሊሳሳት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ምክንያትም አበጀሁለት። ሮቦቱ የለመደው የእኔን እጅ ነው፤ ደጃፉን ሲያልፍ መገጣጠሚያው ሁሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ይጠነክራል። አክስቴ ታውቃለች፤ ጋሽ ተካ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ገዢዎቹ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። አንድ ሮቦት በተሸጠ ቁጥር ትምህርት ቤቱ አንድ እርምጃ ይቀርበኛል፤ በዚያው ልክ አንድ ሰው ይታለላል። ሲሸጥ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ አፍራለሁ። ገዢው ጥጉን እስኪታጠፍ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። የሆነ ቦታ ላይ፣ ምናልባት የቁፋሮው ጣውላ ጋ ሲደርስ፣ ሮቦቱ በፌስታሉ ውስጥ ድርቅ ሲል ይታየኛል።

ነሐሴ ውስጥ ሮማን የምትባል የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት፣ ከሁለት ቀን በፊት የገዛችውን ሮቦት ይዛ ወረደች። ግማሹ ሮቦት፣ ግማሹ ሞተር ነበር፤ ጎማው ብብቱ ውስጥ ተቀርቅሯል።

«ይሄ ዕቃሽ አይለወጥም!» አለች፣ ባንኮኒው ላይ ዘጭ እያደረገችው።

«አዎ እህቴ፣ አይለወጥም» አለች አክስቴ ጣቷን ወደ ማስታወቂያው ቀስራ። «ያው ተጽፏል።»

«ምኑ ነው የተጻፈው? አይለወጥም ነው እኮ የምልሽ!»

«እኔስ ምን አልኩ? አይለወጥም!»

«ይለወጣል ብለሽ አይደል የሸጥሽልኝ?»

«ስሸጥልሽ ተለወጠ፤ በዓይንሽ አየሽ። አሁን የአንቺ ዕቃ ነው። የተሸጠ ዕቃ የትም ሱቅ አይለወጥም!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ መች ሌላ ስጪኝ አልኩሽ? አልታጠፍ አለኝ ነው የምልሽ!»

«ማስታወቂያ ማንበብ ነዋ!» አለች፣ ራሷ አንድ ፊደል የማትለየው አክስቴ።

እኔ ከጎን ቆሜ ግራ ክንዱን አያለሁ። አልታጠፈም፤ ችግሩ ያ ብቻ ነው። እጄን በላኝ። ግን የተሸጠ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየተጯጯሁ እንኳ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፦ አይለወጥም። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ የትም አልሄድም!» ብላ ሮማን ሮቦቷን መንጭቃ ወጣች።

በማግስቱ አክስቴ ለሶላት ወደ ጓዳ ገብታ ሳለ አንድ ፋይል የያዘ ሰው መጣ። ለውጬ አሳየሁት። ሊገዛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ነው እንጂ ቤትዎ ሲገባ አይለወጥም።»

«ማን አለ?»

ወደ ማስታወቂያው አመለከትኩት። አነበበው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እውነትሽን ነው፤ የሰፈረ ቃል አይካድም!» ብሎ ሮቦቱን አስቀምጦ ሄደ።

እፎይ አልኩ። ግን አክስቴ ስትወጣ ካርቶኗን አየኋት፤ ከውስጧ አንድ ሮቦት እንኳ አልጎደለም። እንዲህ ሦስት ቀን ሄደ። በሶላት ሰዓት እውነት እናገራለሁ፤ በሌላው ሰዓት እሸጣለሁ። በአራተኛው ቀን አክስቴ ለሶላት የምትታጠበውን ውዱ ሳትጨርስ፣ ክንዷ እንደረጠበ ተመልሳ መጋረጃው ጋ ቆማ ሰማችኝ።

«አላህ! ይቺ ናት ደንበኛ የምታባርርብኝ!» አለች። ገዢዋ ሴት ግራ ገብቷት ወጣች። «ሰው እንዴት የገዛ ገበያውን ያፈርሳል? ለዚህ ነው የተረከብኩሽ? ስሚ፣ ካርቶኗ አላለቀችም፤ በገዛ አፍሽ ነው ትምህርት ቤትሽን የዘጋሽው!»

በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ዝናቡ ቁፋሮው ውስጥ ይንዶለዶላል። ጋሽ ተካ ወረቀታቸውን በላስቲክ ሸፍነው ቀና አሉ።

«ነገሩ ምንድን ነው? ከሳሽም ተከሳሽም ሰማሁ፤ ምክንያቱን ግን አልሰማሁም።»

ነገርኳቸው። ጎማውን፣ ደጃፉን፣ ጣውላውን፣ ድርቅ የሚለውን ሁሉ። መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት።

«ልጄ፣ ቃሉ አንድ ነው፤ ጉዳዩ ሁለት ነው። ሮቦት ሞተር ሲሆን ተለወጠ ይባላል። ሰው የገዛውን መልሶ በምትኩ ሌላ ሲወስድም ለወጠ ይባላል። እኔ የጻፍኩት ሁለተኛውን ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው አልጻፉም?»

«ሰው ይገባዋል ብዬ ነዋ!»

«እኔ አልገባኝም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ የተናደድኩት ግን በእሳቸው አልነበረም፤ በቃሉ ነበር። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ተቀጥሮ እየሠራ ማንም አልነገረኝም።

«ተቃውሞው ትክክል ነው» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ዳኛ ድምፃቸውን አወፍረው። ማስታወቂያውን አውርደው በቃላቱ መካከል ከላይ አንዲት ቃል ሰኩ። አነበቡልኝ፦ የተሸጠ ዕቃ በሌላ አይለወጥም። አዲሷን ቃል ለብቻዋ አሳዩኝ አልኳቸው። ሁለት ወንድማማች የሚመስሉ ፊደሎች ነበሩባት፤ አንዱ እግሩ ላይ ቀለበት ያሰረ፣ አንዱ ቀኝ እግሩ የረዘመ። በሌላ። እስከማታ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜም ትታየኝ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ቆሜ አላየኋትም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

«እትዬ ሮማን፣ ሮቦቱን ይስጡኝ።»

«አክስትሽ ላከችሽ?»

«አይ፣ ራሴ ነኝ።»

በሩ ላይ ቆሜ ያዝኩት። ጎማውን ከብብቱ አላቀቅኩ። ጉልበቱን መለስኩ፤ ግራ ክንዱን አጠፍኩ። ቋ። ተለወጠ! ተሽጦ፣ ጣውላውን ሳይሆን ደረጃውን ወጥቶ፣ በሰው ቤት፣ ተለወጠ። አላመንኩትም፤ ፈታሁና ደገምኩት። ደግሜ ፈታሁት።

«በቃ እኮ ገባኝ!» አለች ሮማን እየሳቀች። «ግራ ክንድ ነው ለካ! ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

«አልገባሁም።»

ሳቋ ቆመ። «ምዝገባው እኮ ነገ ነው የሚያበቃው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።»

በማግስቱ ካርቶኗ ውስጥ አሥራ አንድ ሮቦት ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ደንበኛ የሚባል ነገር የለም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። አክስቴ ፊቷን አልሰጠችኝም። ከበር ወደ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒ ወደ በር ስመላለስ ወለሉ ላይ የጭቃ መንገድ ሠራሁ። ድንገት ቆምኩ። ካርቶኗን ጎተትኩና አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኳቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አክስቴ፣ ካርቶኗ ባዶ ናት።»

«እና?»

«ባዶ የሆነች ቀን እወስድሻለሁ ብለሽ ወላሂ ብለሻል። ትሸጥ አላልሽም፤ ባዶ ትሁን ነው ያልሽው።»

አክስቴ ወደ በረንዳው ዞረች። «ጋሽ ተካ! ይቺን ልጅ ይሰሙልኛል?»

ጋሽ ተካ በበሩ ብቅ ብለው ካርቶኗ ውስጥ አጎንብሰው ተመለከቱ። «ባዶ ናት» አሉ። «ቃሉ ግልጽ ነው፤ ይግባኝ የለውም።»

«እርስዎም ከእሷ ጋር? እሺ፣ ትሂድ! ትምህርት ቤት ስትውል እነዚህን ማን ይለውጣቸዋል? እኔ? በዚህ ጣቴ?» አለች እጆቿን ዘርግታ። ድምፅዋ ውስጥ ከቁጣ ሌላ ነገር ነበር። የዘረጋቻቸውን እጆች አየኋቸው፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አክስቴ የምታፍርበት ነገር አላት ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ሮቦት በእጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ግራ ክንዱን ቀድመሽ።»

«ተይኝ።»

«ግራ ነው ያልኩሽ፤ ይሄ ቀኝ ነው።»

«እንደ አስተማሪ አትጩሂብኝ!»

«በጣትሽ ጫፍ አትያዢው። በአውራ ጣትሽ ጎን ግፊው። ቀስ። አሁን ጉልበቱን ወደ ኋላ። ጭንቅላቱን ገና ነው፤ ገና ነው አልኩ!»

ሁለቴ ተቀረቀረባት፤ ሁለቴ አላህን ጠርታ ባንኮኒው ላይ ጣለችው፤ ሁለቴ ራሷ አነሳችው። ሦስተኛው ላይ ጎማው ወጣ። ቋ። አክስቴ ሞተር ሳይክሉን ከፊቷ አቁማ አየችው። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ።

ሻርፗን ከምስማሩ አወረደች። «ጋሽ ተካ፣ ሱቁን አደራ። ነይ አንቺ፣ ጫማሽን አድርጊ!»

ጣውላዎቹን በዝናብ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን አለፍናቸው። አክስቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሳይሆን እኔ ከፊት፣ እሷ «ቀስ! ቀስ በይ!» እያለች ከኋላ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘበኛው የበሩን አንድ ክንፍ ዘግቷል። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ መዝገቡን ሊያጥፍ ነበር።

«ዕድሜ?» አለ ቀና ሳይል።

«ስምንት» አለች አክስቴ።

«አሥራ አንድ» አልኩ እኔ።

አክስቴ በጫማዋ ረገጠችኝ። ሰውየው ቀና ብሎ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። «ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር እኮ ነው የምትቀመጪው። ዴስኩ ትንሽ ነው፤ አይበቃሽም።»

«እታጠፋለሁ» አልኩት።

መዝገቡን መልሶ ከፈተው። «ስም?»

«ሐያት።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ። «በየትኛው ሀ ልጻፈው?»

አክስቴና እኔ ተያየን። ሀ ከአንድ በላይ መሆኑን ሁለታችንም ያን ሰዓት መስማታችን ነው።

«ደስ ባለዎት» አለች አክስቴ ቶሎ ብላ።

«በትክክለኛው» አልኩ እኔ።

ሰውየው ሳቀና ጻፈ። የትኛውን እንደጻፈ ራሴ ለማንበብ እስከ ጥር ድረስ ፈጀብኝ። ተሳስቷል።